ግልጽ ደብዳቤ፦ «ሲስተም የለም» ከማለታችሁ በፊት

ለ፦ በጎጃም ከተሞች በኢንተርኔት ቅጽ አውጥታችሁ ሰው ለምትመዘግቡ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ኮሌጆችና ድርጅቶች፤ ቅጹንም በውል ለምትሠሩላቸው ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ቅጾቻችሁ ሕዝቡ እጅ ካለው ኮምፒውተርና ስልክ ጋር እንዲናበቡ ስለመጠየቅ

«ሲስተም የለም» የምትል መልስ አለች። መስኮቱ ላይ ከተቀመጠው ልጅ እስከ ኃላፊው ድረስ ሁሉም ያውቃታል፤ ከቢቸና ወይም ከደንበጫ ገጠር ተነሥቶ የመጣው ባለጉዳይም ለምዷታል። እኛ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣና በዙሪያቸው ዊንዶው የምንጭን፣ ማሽን የምንጠግን፣ ለሰው ቅጽ የምንሞላ ሰዎች ነን። ከእኛ ወንበር ሆኖ ሲታይ ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ አለ። የጠፋው ቅጹ ከማሽኑ ጋር መናበቡ ነው። ይህ ደግሞ እንደ መብራት መጥፋት ወይም እንደ መስመር መቆረጥ አይደለም፤ በእናንተ እጅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ከሰዓት የሚስተካከል ነው።

ከማሽኑ እንጀምር። ቅጹ የሚሠራው ባለ 16 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ፣ ትናንት በታደሰ ክሮም (የጎግል ብሮውዘር፣ ማለትም ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ነው። የሚሞላው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ባለ 2 ወይም ባለ 4 ጊጋ ራም ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል። ጎግልም ጥር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጣው ክሮም 110 ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ስለሚፈልግ፣ በዊንዶውስ 7 እና በ8.1 ላይ ክሮም 109 ላይ ቆሞ ቀርቷል። ስለዚህ ቅጹ አናት ላይ «እባክዎ ክሮምዎን ያድሱ» ብሎ መለጠፍ ለዚህ ማሽን ባለቤት ምንም አይፈይድለትም። አሥር ጊዜ ቢጭነው ከ109 አያልፍም።

109 ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ገጹ ደህና ሆኖ ይከፈታል። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ ይሞላል። «ላክ» የሚለው ሲነካ ዝም። ድጋሚ ሲነካም ዝም። ባለጉዳዩ ኔትወርኩ ነው ይላል፤ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሲስተሙ ነው ይላል። ኤፍ12ን ተጭኖ «ኮንሶል» የሚለውን ለከፈተ ሰው ግን አንዲት ቀይ መስመር ቁጭ ብላለች፦ ፕሮግራመሩ ዝርዝር ለመደርደር «ቱሶርትድ» የሚባለውን ትእዛዝ ጠርቷል፤ ትእዛዙ ክሮም ውስጥ የገባው 110 ላይ ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ ተበልጦ ምዝገባው ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው የአጻጻፍ ነው። ለምሳሌ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ አጣምሮ የሚጻፈው (?.) የመጣው ክሮም 80 ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለ ብሮውዘር ይህን ሲያይ ፋይሉን ከነጭራሹ አያነበውም፤ ገጹ ባዶ ወይም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የትእዛዝ አለመኖር ነው። ፋይሉ ይነበባል፣ ገጹ ይሞላል፣ ትእዛዙ የተጠራበት ቦታ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። የሞተው አዝራር ከዚህ የመጣ ነው። ለመጀመሪያው «ባቤል»ን የመሰለ ተርጓሚ ይበቃል፤ አዲሱን አጻጻፍ ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። የጎደለን ትእዛዝ ግን ባቤል ብቻውን አይተካም፤ «ኮር-ጄኤስ»ን የመሰለ ማሟያ አብሮ መጫን አለበት። አንዱን አድርገው ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ «ለአሮጌ ብሮውዘር አዘጋጅተነዋል» ይላሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅጹን ማቅለል ነው። አሥር ሳጥን ያለው የምዝገባ ቅጽ ተራ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መሠረታዊ አጻጻፍ) ሆኖ በቀጥታ ወደ ሰርቨር፣ መረጃውን ወደሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ቢላክ የትኛውም ብሮውዘር ይልከዋል። ለዚያ ሁለትና ሦስት ሜጋ ባይት ጃቫስክሪፕት (ብሮውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ማስጫን ለአንድ ቁና ጤፍ ሲኖትራክ እንደ መከራየት ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ክሮም በአንድሮይድ 8 እና 9 ላይ 138 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ አንድሮይድ 10 ይፈልጋል። ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹን የሚያዘጋጀው የኦፔራ ሰርቨር እንጂ ስልኩ አይደለም። ጃቫስክሪፕቱ እዚያ ለጥቂት ሰከንድ ይሠራና ይቆማል፤ ወደ ስልኩ የሚመጣው የተጨመቀው ውጤት ነው። ስለዚህ ዞን ሲመረጥ ወረዳ፣ ወረዳ ሲመረጥ ቀበሌ እንዲያወጣ የተሠራ ሳጥን ኦፔራ ሚኒ ላይ ወይ ይዘገያል ወይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ወረዳውን በጽሑፍ የሚሞላበት አንድ ተለዋጭ ሳጥን ብትተዉ ነገሩ ያልቃል። በቴሌግራም የለቀቃችሁት ሊንክም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ መስኮት ሊከፈት ይችላል፤ ፎቶ ማያያዝና ፒዲኤፍ ማውረድ እዚያ ላይ እንቢ ካለ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ ገጹን ወደ ክሮም ማዛወር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሊንኩ ሥር ብትጽፉት ስንት ሰው ከመመላለስ ይድናል።

በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ የሚከፈት አሮጌ ገጽ ያላችሁም አላችሁ። ኤክስፕሎረር 11 ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቷል። ኤጅ ውስጥ ግን ማስታመሚያ አለ፦ ሴቲንግ ውስጥ «ዲፎልት ብሮውዘር» በሚለው ሥር ገጾች በኤክስፕሎረር ሞድ እንዲከፈቱ መፍቀድ፣ ኤጅን ዘግቶ መክፈት፣ አድራሻውን መዝገቡ ላይ መጨመር። በእጅ የተጨመረ አድራሻ በ30 ቀን ይወድቃል። «ባለፈው ወር ይሠራ ነበር» የሚባለው ከዚህ ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚንቀው ነገር እንምጣ፤ ወደ ሰዓቱ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ቀኑን የምታስታውሰው እሷ ናት። መብራት በሚመላለስበት ከተማ፣ ማታ ማታ ሶኬቱ በሚነቀልበት ቤት፣ ይህች ባትሪ ስትደክም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል፤ 2009 ወይም 2012 ይላል። ብሮውዘሩ ደግሞ የእናንተን ገጽ ሰርተፍኬት፣ ገጹ የእናንተ መሆኑን የሚመሰክረውን ዲጂታል ማረጋገጫ፣ ያያል። ሰርተፍኬቱ የተሰጠው በዚህ ዓመት ነው፤ በማሽኑ ሰዓት ገና ያልተወለደ ነው። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ብሎ፣ ወይም ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን ነግሮ ይዘጋል። ባትሪዋን ቀይሮ ቀኑን ማስተካከል አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል፣ ባትሪዋን በጠፍጣፋ ነገር ከጎን ያለውን መያዣ ገፋ አድርጎ ማውጣት፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ አዲሷን መክተት፣ ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን መሙላት።

ቀኑን መሙላት ላይ የአገራችን ጣጣ አለ። ዓመቱን 2018 ብሎ የኢትዮጵያን የሚሞላ ሰው ትንሽ አይደለም። ለማሽኑ 2018 ማለት የፈረንጅ 2018 ነው፤ ስለዚህ ባትሪው አዲስ ሆኖም ሰርተፍኬቱ አሁንም «ገና አልጀመረም»። ሌላው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የማሽኑን ሰዓት 3:00 ያደርገዋል። ስድስት ሰዓቱ ሰርተፍኬቱን ብዙ ጊዜ አይጥለውም፤ የስልኩ ሰዓት እንዲህ ከተሳሳተ ግን በስልክ መተግበሪያ ከሰዓቱ እየተሰላ የሚወጣን የማረጋገጫ ቁጥር ይጥለዋል። ትክክለኛው አሞላል የፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጅ ሰዓት፣ የሰዓት ክልሉ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት የሚቀድመው፣ ዊንዶውስ ዝርዝር ላይ «ናይሮቢ» የሚለው ነው። የኢትዮጵያን ቀን ግድግዳ ላይ ስቀሉ።

እናንተስ በዚህ ምን አላችሁበት? አላችሁበት። የሰርተፍኬት ስሕተት ለሚያጋጥመው ሰው «አድቫንስድ የሚለውን ተጭነህ እለፍ» ብሎ የሚያስተምር የአገልግሎት ክፍል ይህን ማቆም አለበት። ያ ቀይ ገጽ ሰዓት ሲሳሳት እንደሚወጣው ሁሉ ሌባ መሐል ሲገባም ይወጣል። በየቀኑ እለፍ የተባለ ሰው የባንክ ፓስዋርዱን በሚያስገባበት ቀንም ያልፈዋል። መጀመሪያ ቀኑን አስተያዩት።

ወደ ፊደሉ። ባዶ ቅጽ በወርድ አዘጋጅታችሁ «አውርደው ይሙሉ» የምትሉ፣ ሰውየው ሲከፍተው ላቲንና ምልክት የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ከሆነበት፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት) አይደለም ማለት ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተሠሩት 256 ቦታ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሩንና ሥርዓተ ነጥቡን ሲጨምሩት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ወይ ፊደሉን በሁለት ሦስት ፎንት ከፋፈሉት፣ ወይ ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፤ በላቲኑ ቦታም አስቀመጡት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን የሚያየው ያንን ላቲን ነው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ለውጡት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ከተገለበጠ የድሮው ነው። ፓወር ግዕዝ በሁለቱም መንገድ ስለሚጽፍ «በፓወር ግዕዝ ነው የጻፍኩት» ማለት መልስ አይሆንም። አሁን ለመጻፍ የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪማን በነፃ ይበቃል፤ ስልክ ላይ ጂቦርድ አለ። ድረ ገጽ ከሆነ ደግሞ ሰው ማሽን ላይ ያለውን ፎንት አትጠብቁ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጹ ጋር ላኩት።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራ ወይም በዲማ ጉባኤ ቤት ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ሲቀያየሩ ዝም ብሎ የሚያልፍ መምህር የለም፤ «ሠረቀ» ብርሃን ሲወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ ሲገባ። ኮምፒውተሩም አይቀበልም፤ እሱ ግን ምስጢሩ ገብቶት ሳይሆን ለሁለቱ ሁለት ቁጥር ስለሰጣቸው ነው። ሰው ግን እንዳመጣለት ይጽፋል። ባለፈው ዓመት «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ልጅ ዘንድሮ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ «አልተገኘም» ይላል፤ ከዚያ ሁለተኛ ትመዘገባለች፤ ከዚያ «ድርብ ምዝገባ» ተብላ ትሰረዛለች። መፍትሔው ጽሑፉን እንደ ተጻፈ አስቀምጦ፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ አምድ መያዝ ነው። በዚያ አምድ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤታቸው ይመለሱ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግቡ፤ በቃላት መሐል ያለው ክፍት ቦታም ይነሣ። ይህ የመጨረሻው «ኃይለ ማርያም» እና «ኃይለማርያም» አንድ ሰው እንዲሆኑ ነው። ፊደሉን እዚያው ዋናው አምድ ላይ የሚያጠፋ ፕሮግራመር ግን የሰውን ስም እያበላሸ ነው፤ ይህን አታድርጉ። ስሙንም በሁለት ሳጥን «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብላችሁ አትክፈሉት። የእኛ ስም ሦስት ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው በቀን ሳጥን ነው። ብሮውዘሮች ከራሳቸው የሚያወጡት የቀን መምረጫ የፈረንጅ ነው፤ 12 ወር ብቻ አለው። ነሐሴ 12 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ነሐሴ 12ኛ ወር ነው ብሎ 12/12/1985 ቢሞላ ቅጹ ያለ ምንም ማጉረምረም ይቀበለዋል፤ ለሰርቨሩ ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1985 ነው። ትክክለኛው ኦገስት 18 ቀን 1993 ነበር። የ32 ዓመቱ ወጣት 40 ሆነ፤ «ዕድሜ እስከ 35» ከሚለው ማስታወቂያ ወጣ። ማንም አልነገረውም፤ እሱም የሚያውቀው ስሙ ከዝርዝሩ ሲጠፋ ነው። ማሽኑ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ወር ከቀን ይቀድማል፤ 5/7 ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ዘመን እንሥራው ብለው ሦስት ሳጥን የሚያዘጋጁትም አንዳንዶቹ ወሩን ከመስከረም እስከ ነሐሴ ደርድረው ያቆማሉ። ጳጉሜ የተወለደ ሰው የለም? ጳጉሜንም አስገብተው 5 ቀን ብቻ የሰጡ አሉ። ጳጉሜ 6 በየአራት ዓመቱ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ዓመት አለች፤ 2011፣ 2015፣ 2019 እንዲያ ናቸው። ልወጣውንም «7 ወይም 8 ጨምር» ብላችሁ በግምት አትሥሩት፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፤ ይህ አንድ ቀን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይከተላል። ክሮምና ፋየርፎክስ የፈረንጅን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ አብሮ የተሠራ መሣሪያ አላቸው። ሰውየው እንደ ሞላ ከሥሩ በሁለቱም ዘመን በቃላት ጽፋችሁ አሳዩት፦ «ነሐሴ 12 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ኦገስት 18 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.»። የተሳሳተ ሰው ያኔ ዓይኑ ያያል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው «እስከ አርብ 11:00 ሰዓት» ይላል። ኃላፊው ያሰበው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓትን ነው። ፕሮግራመሩ ሰርቨሩ ላይ 11:00 ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከሉማሜ ወይም ከደጀን በጠዋት መኪና የተነሣ ሰው ሲደርስ ተዘግቷል። «ከቀኑ 11 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉ፤ ሰርቨሩ ላይ 17:00 መሆኑን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ራሱ ያረጋግጥ።

ቅጹ ተሞልቶ ከተላከ በኋላ የሚጠፋም አለ፤ ይህ በእናንተው ቢሮ ኤክሴል ውስጥ ነው። ከሲስተሙ በሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ በተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) የወጣውን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ነክቶ የሚከፍት ሠራተኛ አራት ነገር ያበላሻል። አማርኛው ይዘበራረቃል፤ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ) መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት መጀመሪያው ላይ ከሌለ ይስታል። የስልኩ የፊት 0 ይወድቃል፤ 09 የነበረው 9 ይሆናል። ባለ 13 አሃዙ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጨምቆ በነጥብና በኢ ፊደል ይታያል፤ እንደዚያ እየታየ መልሶ በሲኤስቪ ከተቀመጠ የኋለኞቹ አሃዞች ከነጭራሹ ጠፉ። ባለ 16 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ 16ኛውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 0 ያደርገዋል። አምዱን ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፍ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። አከፋፈቱ ይህ ነው፦ ባዶ ኤክሴል መክፈት፣ «ዳታ» ከሚለው «ፍሮም ቴክስት»ን መጫን፣ የፋይሉን ምንጭ 65001 ዩቲኤፍ-8 ማድረግ፣ በመጨረሻው ደረጃ የስልክ፣ የሒሳብና የፋይዳ አምዶችን እየመረጡ «ቴክስት» ማለት። በአዲሶቹ ኤክሴሎች ይኸው «ትራንስፎርም ዳታ» ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲስተሙ ራሱ ሲኤስቪ ትቶ ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ የያዘ የኤክሴል ፋይል እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ የፕሮግራመሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ፎቶና ሰነድ ማያያዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ሁሉም ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። ሰርቨር ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ በፒኤችፒ የተሠራ ቅጽ ማንም ካልነካው አንድን ፋይል ከ2 ሜጋ ባይት በላይ አይቀበልም፤ በአንድ ጊዜ የሚላከውን ሁሉ ደግሞ 8 ሜጋ ባይት ላይ ይገድበዋል። ዛሬ ተራ ስልክ የሚያነሣው ፎቶ 3 እና 4 ሜጋ ነው። ሦስት ሰነድ ፎቶ አንሥቶ ያያያዘ ሰው 8ቱን ሲያልፍ ሰርቨሩ ፋይሎቹንም የተሞላውንም ጽሑፍ አንድ ላይ ይጥላል፤ ቅጹም ተመልሶ «ስምዎን አልሞሉም» ይላል። ስሙ ተሞልቶ ነበር! ገደቡን ከፍ አድርጉ፤ ወይም ፎቶው ከመላኩ በፊት ብሮውዘሩ ውስጥ ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል እስኪሆን አሳንሱት። መጠኑንም ከመያያዙ በፊት ንገሩት። ሰውየው ዝም ሲል ሰርቨሩ የጀመረውን ይዞለት የሚቆይበት የፒኤችፒ መቆያ ጊዜም ሳይነካ ሲተው 1440 ሰከንድ ነው፤ 24 ደቂቃ። አራት ገጽ ቅጽ፣ ደብዛዛ ኔትወርክና አንድ መብራት መጥፋት 24 ደቂቃን በቀላሉ ይበላሉ። በየገጹ እያስቀመጣችሁ ሂዱ፤ የሚያስቀምጠው ሰርቨሩ ይሁን እንጂ የኢንተርኔት ቤቱ ማሽን አይሁን፤ ያ ማሽን የሁሉም ነው።

«እናንተስ ማሽናችሁን ለምን አታሻሽሉም?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታና ከኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ አካባቢና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። መስፈርቱን በዘዴ ዘለው የሚጭኑት አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ክራኩ ራሱ ማሻሻያውን ሊዘጋው ይችላል፤ ቫይረሱንም ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው እሱ ነው። ሊኑክስ ሚንት 4 ጊጋ ራምና ትንሽ ኤስኤስዲ በገባለት አሮጌ ማሽን ላይ አዲሱን ክሮምና ፋየርፎክስ ያስኬዳል፤ ለቅጽ መሙላት ከዊንዶውስ 7 ይሻላል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ከመጫኑ በፊት በ8 ጊጋ ፍላሽ ማስነሣትና ፕሪንተሩን መሞከር ግድ ነው። የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ይሠራሉ፤ በየጽሕፈት ቤቱ ያለው አሮጌው ካኖን 2900 ግን ሊኑክስ ላይ ራስ ምታት ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም እዚያ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ ያለ ፕሪንተር አይኖርም። ስለዚህ ዊንዶውስ 7 ከጎጃም ጠረጴዛዎች ነገ አይነሣም፤ ቅጹን ከዚህ እውነት ጋር አስማሙት።

ቅጽ ከመልቀቃችሁ በፊት በሦስት መሣሪያ ላይ ሞክሩት፦ ዊንዶውስ 7 እና ክሮም 109 ያለበት ባለ 2 ጊጋ ኮምፒውተር፣ አንድሮይድ 9 ያለው ርካሽ ስልክ፣ ኦፔራ ሚኒ። የቢሮውን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ስሙን «ኃይለ ማርያም» በሉት፣ ክፍት ቦታውን ሳታጠፉ። ልደቱን ጳጉሜ 6 ቀን 1983 ዓ.ም. አድርጉት፤ ለሰርቨሩ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991 ሆኖ መድረሱን እዩ። ባለ 4 ሜጋ ፎቶ ሦስት ጊዜ አያይዙ። መሐል ላይ ተነሥታችሁ ቡና ጠጡ፤ ሦስተኛውን ሳትጨርሱ እንዳትመለሱ። ከዚያ «ላክ» በሉት። ከዚያም ዝርዝሩን አውጥታችሁ ባለ 16 አሃዙን ቁጥር ከካርዱ ጋር አስተያዩ።

ከሰላምታ ጋር፣
በጎጃም ከተሞች ማሽን የምንጠግን፣ ጽሕፈት የምንሠራና ቅጽ የምንሞላ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢንተርኔት ቤቶችና ለፎቶ ኮፒ ቤቶች (ጠዋት ስትከፍቱ ከሁሉ በፊት የማሽኑን ቀን እዩ፤ ሁለት ሲአር2032 መሳቢያ ውስጥ ይኑር)
ለየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍል (ሲኤስቪ ሁለት ጊዜ ነክታችሁ አትክፈቱ)
ለመስኮት ሠራተኞች («ሲስተም የለም» ከማለታችሁ በፊት ቅጹን በባለጉዳዩ ስልክ ክፈቱት)